የተራራው እንግዳና የጭነቱ ባለቤት
የደጋ ገበሬ ማኅበራት ከተራራ ጉዞ የሚገባቸውን ድርሻ እንዴት ሊያገኙ ይችላሉ?

በአገራችን ከፍተኛ ተራሮች ላይ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ደረቅ ወራት በእግር የሚጓዙ አገር ጎብኚዎች ሲመጡ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚኖረው ገበሬ በሦስት መንገድ ከጉዞው ጋር ይገናኛል። አንደኛ፣ እንግዳው የሚረግጠው መሬት፣ የሚጠጣው ውኃና የሚሞቀው ማገዶ የገበሬው አካባቢ ሀብት ነው። ሁለተኛ፣ የእንግዳውን ድንኳን፣ ስንቅና ልብስ የሚጭነው በቅሎ የገበሬው ከብት ነው። ሦስተኛ፣ ጭነቱን ተከትሎ ዳገቱን የሚወጣውና ቁልቁለቱን የሚወርደው፣ ሌሊቱንም በውርጭ የሚያድረው ገበሬው ራሱ ወይም ልጁ ነው። ከጉዞው የሚገኘው ገንዘብ ግን ከነዚህ ሦስት አስተዋጽኦዎች ጋር በተመጣጠነ መጠን ለገበሬው ይደርሳል ወይ? ይህ በተራራማ ወረዳዎች የሚገኙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በጥሞና ሊመረምሩት የሚገባ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የአገራችን ብቻ አይደለም። በኔፓል፣ በፔሩና በታንዛኒያ የሚኖሩ የተራራ ገበሬዎችም ለብዙ ዓመታት ሲያነሡት ቆይተዋል። ከነርሱም ሆነ ከራሳችን አገር የተገኘው ልምድ የሚያመለክተው ነገር ተመሳሳይ ነው። ይኸውም ተሸካሚውና በቅሎ ነጂው የሚገባቸውን ድርሻ የሚያገኙት አስቀድሞ የተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀውና ማኅበሩ ራሱ የሚያስከብረው ደንብ ሲኖር ነው። ደንቡ በሌለበት ሁሉ የእንግዳው ደግነት ወይም የጉዞ ወኪሉ ቃል ብቻውን ተሸካሚውን ከጉዳት አላዳነውም።

ጭነቱን የሚያነሣው ማን ነው?

ለአብነት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መመልከት ይቻላል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ዋልያ አይቤክስ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ ከተማ ነው። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ማረፊያ ሥፍራዎች ያልፋል። ከፍታው ከ4,500 ሜትር በላይ እስከሆነው ራስ ዳሽን ድረስ የሚዘልቁም አሉ።

አንድ የጎብኚዎች ቡድን ለዚህ ጉዞ ሲነሣ መንገድ መሪ፣ ታጣቂ ጠባቂ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ፣ የጭነት በቅሎዎችና በቅሎ ነጂዎች ያስፈልጉታል። በሌሎች አገሮች ሰው በጀርባው የሚሸከመውን ጭነት በሰሜን ተራሮች የሚሸከመው በአመዛኙ በቅሎ ነው። ይህ ለገበሬው ጥቅም አለው። የሰው ወገብና ጉልበት ይድናል፤ በቅሎ ያለው አባወራም ከእርሻው ሌላ ገቢ ያገኛል። ሆኖም በቅሎ የቤት ሀብት ናት። ብትቆስል፣ ገደል ብትገባ ወይም በብርድ ብትሞት ጉዳቱ የሚወድቀው በባለቤቷ ላይ ነው። እንግዳው ጉዞውን በሌላ በቅሎ ይቀጥላል፤ ገበሬው ግን ለሚቀጥለው ዓመት እህሉን ወደ ገበያ የሚያወርድበት ከብት ያጣል።

ከዚህም ሌላ በጉዞው ሰንሰለት ውስጥ በቅሎ ነጂው የሚገኘው በመጨረሻው ቀለበት ላይ ነው። ጎብኚው ገንዘቡን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ በውጭ አገር ወይም በአዲስ አበባ ለሚገኝ የጉዞ ወኪል ነው። ከዚያ ገንዘብ የመኪና ኪራይ፣ የሆቴል፣ የምግብ፣ የመንገድ መሪና የወኪሉ ትርፍ ይነሣል። ለበቅሎና ለነጂው የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። ወኪሎች በዋጋ ሲፎካከሩ መጀመሪያ የሚቀነሰውም ይኸው የመጨረሻው ድርሻ ይሆናል። መኪናው ነዳጅ፣ ሆቴሉም ሒሳብ ስለሚጠይቅ ከእነርሱ መቀነስ አስቸጋሪ ነው። ሥራ ፍለጋ በር ላይ የቆመ ገበሬ ግን ብቻውን ከሆነ የተሰጠውን ይቀበላል። ከአጠገቡ በዝቅተኛ ዋጋ ለመሄድ የተዘጋጀ ሌላ ሰው እንዳለ ያውቃልና።

የሌሎች አገሮች የተራራ ገበሬዎች ልምድ

በኔፓል የሂማላያ ተራሮች ጭነት የሚሸከሙት አብዛኞቹ ከዝቅተኛ ሸለቆዎች የሚመጡ ድሃ ገበሬዎች ናቸው። ለከፍታው ያልተለመዱ ከመሆናቸውም በላይ በቂ ልብስ ሳይኖራቸው በረዶ ላይ እንዲያድሩ ይደረጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ወጣት ተሸካሚ በከፍታ በሽታ ታሞ ሳለ ብቻውን እንዲመለስ ተደርጎ ሕይወቱ አለፈ። ከዚህ በኋላ ዓለም አቀፍ የተሸካሚዎች ጥበቃ ቡድን የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ድርጅቱ ያወጣቸው አምስት መመሪያዎች በብዙ አገሮች ታውቀዋል። ለተሸካሚው ለወቅቱና ለከፍታው የሚስማማ ልብስ እንዲሰጠው፣ መጠለያና ምግብ እንዲኖረው፣ የሕይወት መድን እንዲገባለትና ሲታመም እንደ እንግዳው እኩል እንዲታከም ይጠይቃሉ። የታመመ ተሸካሚ ሁኔታው ሳይታይ ተከፍሎት እንዳይሰናበት፣ ብቻውንም እንዳይላክ ያዛሉ። ጭነቱም ከአቅሙ በላይ መሆን የለበትም።

በፔሩ ወደ ጥንታዊቷ የማቹ ፒቹ ከተማ በሚወስደው የኢንካ መንገድ ላይ የሚሸከሙት በአካባቢው የሚኖሩ የኬቹዋ ገበሬዎች ናቸው። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2001 ተሸካሚዎችን የሚመለከት ልዩ ሕግ አወጣ። ሕጉ አንድ ተሸካሚ የሚይዘውን ጭነት በ20 ኪሎ ወሰነ። በመንገዱ ላይ ባሉ መቆጣጠሪያዎችም ጭነት የሚመዘንበት አሠራር ተዘርግቷል። በአንድ ቀን ወደ መንገዱ የሚገባው ሰው ቁጥር ከነተሸካሚዎቹ ከ500 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሆኖም ሕጉ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ በቂ አልሆነም። ተሸካሚዎቹ በየማኅበራቸው ሆነው አፈጻጸሙን በተመለከተ ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መብታቸውን የሚያጠናክር ሌላ ሕግ ወጥቷል።

በታንዛኒያ ደግሞ ከፍታው 5,895 ሜትር የሆነውን የኪሊማንጃሮ ተራራ ለመውጣት በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንግዶች ይመጣሉ። ለአንድ እንግዳ ሦስትና ከዚያ በላይ ተሸካሚዎች ይሰማራሉ። ከነርሱም ብዙዎቹ በተራራው ግርጌ ቡናና ሙዝ የሚያለሙ ገበሬዎች ልጆች ናቸው። በዚያም የጭነቱ ወሰን 20 ኪሎ ሲሆን ጭነቱ በፓርኩ በር ላይ ይመዘናል። ነገር ግን በሚዛኑ ፊት ጭነቱ ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ ካለፈ በኋላ፣ ከበሩ ወዲያ እንደገና በጥቂቶች ጀርባ ላይ የሚከመርበት ጊዜ መኖሩ ታይቷል። ጎብኚዎች ለተሸካሚዎች ብለው የሚሰጡት ጉርሻም በመካከለኛ ሰው እጅ ቀርቶ ለባለቤቱ ሳይደርስ የሚቀርበት ሁኔታ ነበር።

ይህን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ2003 የኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች እርዳታ ፕሮጀክት ተቋቋመ። ፕሮጀክቱ ለተሸካሚዎች የብርድ ልብስ በነፃ ያውሳል። ከጉዞው ጋር ታዛቢ እየላከ በተሸካሚዎች ላይ የሚደርሰውን ያጣራል። የተወሰነውን ደመወዝ የሚከፍሉና ምግብ የማያጓድሉ የጉዞ ድርጅቶችን ለይቶ ለጎብኚዎች ያሳውቃል። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሚዛን በበር ላይ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ከበሩ በኋላ የሚሆነውን የሚያየው ግን አብሮ የሚጓዘው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡን ለማስከበር ከማንም በላይ የሚችለው የራሱ የተሸካሚው ማኅበር ነው።

የተራው መዝገብና የመመለሻው ቀን

በአገራችን የተራራ ጉዞ በሚካሄድባቸው ሥፍራዎች በቅሎ በተራ ማሰማራት የቆየ አሠራር ነው። ተራ ማለት የበቅሎ ባለቤቶች በመዝገብ ሰፍረው ሥራው በመጣ ቁጥር በቅደም ተከተል የሚወጡበት ሥርዓት ነው። ተራ ባይኖር ሥራውን ሁሉ ለከተማው በር የሚቀርበው ወይም ከመንገድ መሪው ጋር የሚዛመደው ሰው ይወስደዋል። በሩቅ ጎጥ ያለው ገበሬ ደግሞ እንግዶቹ በማሳው ዳር ሲያልፉ ከማየት በቀር የሚያገኘው አይኖርም።

የተራው መዝገብ ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑ የሚፈተነው በሦስት ነገሮች ነው። የመጀመሪያው መዝገቡ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። መዝገቡ በአንድ ሰው ደረት ኪስ ውስጥ ከሆነ ተራው በጉቦ ይገዛል። በማኅበሩ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም የሚያነበው ከሆነ ግን የተዘለለ ሰው ወዲያው ያውቃል። ማንበብ የማይችለውም በልጁ ያስነብባል።

ሁለተኛው በቅሎ የሌለው አባወራ ምን ያገኛል የሚለው ነው። ተራው ለበቅሎ ብቻ ከሆነ ገቢው ቀድሞም ሀብት ለነበረው ይሄዳል። ባሏ የሞተባትና ከብት የሌላት እናት፣ መሬት ያልደረሰው ወጣትም ከጉዞው ውጪ ይሆናሉ። ስለሆነም የነጂነቱን ተራ ከበቅሎዋ ተራ ለይቶ መመዝገብ፣ ምግብ ማብሰልን፣ እንጀራና ዳቦ ማቅረብን፣ ዶሮና እንቁላል መሸጥን፣ የማረፊያውን ሥፍራ ማጽዳትን ለእነዚህ አባላት ማደላደል ይቻላል።

ሦስተኛው የመኸር ጉዳይ ነው። የጎብኚው ወቅትና የደጋው ገብስ አጨዳና ውቂያ በአንድ ጊዜ ይገጥማሉ። አንድ ገበሬ ማሳው ላይ ሳለ ተራው ቢደርስ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ገብሱን ይጥላል፣ ወይ ተራውን። ይህን ምርጫ የሚያስቀረው ቀላል ደንብ ነው። መኸር የሰበሰበ አባል ተራውን ለቀጣዩ ሰው ለቆ ሲመለስ ከነበረበት ቁጥር እንዲቀጥል ማድረግ ነው። በተጨማሪም ወደ ጉዞው የሄደውን ሰው ማሳ ጎረቤቶቹ በወንፈል እንዲያጭዱለት፣ እርሱም በተራው እንዲመልስ ማስማማት ከቀድሞም የነበረ የገበሬው ወግ ነው።

ከተራው ቀጥሎ የዋጋው አቆጣጠር አለ። እዚህ ላይ ብዙ ገበሬ ሳያስተውለው የሚጎዳበት ነገር የመመለሻው ቀን ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የእንግዶች ቡድን አራት ቀን ተጉዞ ከተነሣበት ርቆ በመኪና ተሳፍሮ ይሄዳል እንበል። በቅሎ ነጂው ባዶ በቅሎውን እየነዳ ወደ ቤቱ ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ክፍያው ለአራቱ ቀን ብቻ ከሆነ ገበሬው ስድስት ቀን ሠርቶ የአራት ቀን ዋጋ አገኘ ማለት ነው። የቀን ዋጋው በሲሶ ወረደ። የመመለሻውን መኖና የራሱን ስንቅም ከኪሱ ያወጣል። ስለዚህ ዋጋ ሲቆረጥ የሚቆጠረው በቅሎዋ ከበረት ከወጣችበት እስከምትመለስበት ድረስ ያለው ቀን ሁሉ መሆን ይገባዋል። ይህም ከመነሣት በፊት በጽሑፍ ተይዞ እንግዳው ወይም ወኪሉ ሊፈርምበት ያሻል።

የጭነቱም መጠን እንዲሁ ነው። በቅሎ መናገር አትችልም፤ ገጣባ ሆና ስትመለስ ግን የደረሰባት ይታያል። በመነሻው ሥፍራ አንድ የተንጠልጣይ ሚዛን መስቀልና እያንዳንዱ ጭነት ከመታሰሩ በፊት መመዘን ለማኅበሩ ትልቅ ወጪ አይደለም። ጭነቱ ከተወሰነው ካለፈ ሌላ በቅሎ ይጨመራል። ይህም ከብቷን ከማዳኑ በላይ ለሌላ አባል ሥራ ይሰጣል። የተወሰነውን ትቶ በድብቅ ከባድ ጭነት የሚጭን ወይም ከማኅበሩ ዋጋ በታች የሚሄድ አባል፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደተባለው፣ ነገ የሚከፈለውን የራሱን ዋጋ ነው የሚያሳጥረው።

የመቄትና የመንዝ ገበሬዎች ምን አደረጉ?

በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጉዞ ከተለመደው በተለየ መንገድ የተዘረጋ ነው። በዚያ ገበሬው ጭነት አቅራቢ ብቻ አልሆነም። የማረፊያውም ባለቤት ነው። እንደ መቋት ማርያምና ዋጀላ ባሉ የገደል አፋፍ መንደሮች ጎጆ ቤቶች ተሠሩ። የመንደሩ ነዋሪዎችም ተደራጅተው እንግዳ ማስተናገድ ጀመሩ። ጎብኚው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ሲሄድ ጓዙ በአህያ ይጫናል፤ ምሽት ላይ የመንደሩ ሰዎች ያበሰሉትን ይመገባል። ገቢው ወደ መንደሩ ማኅበር ገብቶ በአባላት ውሳኔ ይደለደላል። በአንድ ጊዜ የሚስተናገዱት እንግዶች ጥቂት እንዲሆኑ መደረጉም ውኃውና ማገዶው እንዳይሟጠጥ ረድቷል። ሥራው ሲጀመር የውጭ እርዳታ ነበረበት። ነገር ግን እርዳታው የገበሬውን የባለቤትነት ቦታ አልወሰደም።

በሰሜን ሸዋ መንዝ ያለው የጓሳ ሥፍራ ደግሞ የሚያስተምረው ስለ መሬቱ ነው። የመንዝ ሰዎች ቀሮ በተባለው ሥርዓት ጓሳውን ለ400 ዓመታት ያህል ሲጠብቁ ኖረዋል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋና ሕዝቡ ሲስማማ ለተወሰነ ጊዜ ይከፈታል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብም ገሳ የሚሆነው ሣር በዚያን ጊዜ ይታጨዳል። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ከቀድሞው የርስት ሥርዓት ጋር ተያይዞ የነበረው ቀሮ ተዳከመ። ሣሩም ለዘፈቀደ ግጦሽና አጨዳ ተጋለጠ። ኋላ ላይ ግን ነዋሪዎቹ በየቀበሌው ተወካዮች መርጠው ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋሙ። ሥፍራውም ከ2000 ዓ.ም ወዲህ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ያለ ሥፍራ ሆኖ ታውቋል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ እንግዳ በማኅበረሰቡ ማረፊያ ያድራል፣ በአካባቢው በቅሎም ይጓዛል። እንግዳውን የሳበው ገበሬው ሳያርሰውና ሳያስግጠው የጠበቀው ሣር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የተራራው ሣርና የግጭ ሰዎች ጉዳይ

የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1989 ዓ.ም በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ እስከ 2009 ዓ.ም ድረስ በዚያው ቆይቶ ነበር። ከምክንያቶቹ መካከል የእርሻ መስፋፋት፣ የከብት ግጦሽ መብዛት፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድና የዋልያ ቁጥር መመንመን ይገኙበታል። ፓርኩ ከመዝገቡ እንዲወጣ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በ2008 ዓ.ም በፓርኩ እምብርት ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር አባወራዎች ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። ቁጥራቸው ከ400 በላይ ነበር። እነዚህ ሰዎች ካሣ ቢከፈላቸውም ትተውት የሄዱት የገብስ ማሳና የበግ ግጦሽ በከተማ ውስጥ አይገኝም።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ለሁሉም የተራራ ማኅበራት ይጠቅማል። እንግዶች ዛሬ ድንኳን የሚተክሉበት ለምለም ሜዳ ሌላው መሬቱን ስለለቀቀ የተገኘ ከሆነ፣ የለቀቀው ሰው በጉዞው ሥራ ውስጥ ቅድሚያ ሊሰጠው አይገባም ወይ? መሬቱን ለጥበቃ የሰጠ አባወራ ስሙ ከተራው መዝገብ ቢወጣ ሁለት ጊዜ ተጎዳ ማለት ነው። በመዝገቡ ላይ ቢቀጥልና ለልጁም ቢተላለፍለት ግን ተራራው ሲጠበቅ እርሱም ይጠቀማል። ጥበቃን ከልብ የሚደግፍ ሕዝብ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ጉዞው ራሱም ተራራውን ሊጎዳ እንደሚችል መታወቅ አለበት። በማረፊያ ሥፍራዎች ዙሪያ የሚለቀቁ የጭነት በቅሎዎች የዱር እንስሳቱን ሣር ይግጣሉ። ለምግብ ማብሰያና ለማታ እሳት ሲባል የሚቆረጠው የአስታ ዛፍ በዚያ ብርድ መልሶ የሚያድገው በብዙ ዓመታት ነው። በ2011 ዓ.ም በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት በፓርኩ ውስጥ የተነሣው ቃጠሎ ሣሩንና አስታውን ምን ያህል እንደጎዳ አይዘነጋም። እሳቱን ለማጥፋት የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ከመታገሉም በላይ ከውጭ አገር እርዳታ እስከመጠየቅ ተደርሷል። ስለዚህ ለበቅሎዎች ገለባና ድርቆሽ ከመነሻው ጭኖ መሄድ፣ ምግብ በጋዝ ወይም በላምባ ምድጃ ማብሰል፣ ቆርቆሮና ላስቲክ ሰብስቦ ወደ ከተማ መመለስ፣ መጸዳጃውን ከምንጭ አርቆ መቆፈር በደንቡ ውስጥ ሊገቡ የሚገባቸው ጉዳዮች ናቸው። ወደ ታች ያለው መንደር የሚጠጣው ከላይ የመጣውን ውኃ ነው።

እንግዳው የቀረ ዕለት

ከቅርብ ዓመታት የተገኘው ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የውጭ አገር እንግዶች በአንድ ጊዜ ቀሩ። በ2013 ዓ.ም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተቀሰቀሰው ጦርነት ተከተለ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት ለዓመታት በጉዞ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩትን መንገድ መሪዎች፣ አብሳዮችና በቅሎ ነጂዎች ክፉኛ ጎድቷል። በዚህ ጊዜ ከሁሉ የባሰ የተቸገረው እርሻውን ለሌላ አከራይቶ ወይም በጎቹን ሸጦ ሙሉ በሙሉ በእንግዳ ላይ የተመሠረተው ሰው ነው። በቅሎውን ለጉዞም፣ ለእህል ጭነትም ያዋለውና ማሳውን ያልለቀቀው ገበሬ ግን ቢያንስ ጎተራው ባዶ አልሆነበትም።

ስለዚህ የተራራ ጉዞ ለደጋ ገበሬ የእርሻ ደጋፊ እንጂ የእርሻ ምትክ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በደጉ ዓመት ከገባው ገንዘብ ከፊሉ ለክፉ ቀን ካልተቀመጠ ማኅበሩም ከእንግዳው ጋር አብሮ ይቀራል። የተቀመጠ ገንዘብ ካለ ግን ለዘር፣ ለበግ መግዣ ወይም ለሞተች በቅሎ ምትክ ብድር ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚቋቋሙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት አግኝተው በስማቸው ገንዘብ ማስቀመጥ፣ ውል መዋዋልና ሒሳባቸውን ማስመርመር ስለሚችሉ፣ በቅሎ ነጂዎችም በዚህ መልክ ቢደራጁ ከጉዞ ወኪሎች ጋር እንደ ማኅበር ለመነጋገር አቅም ያገኛሉ።

የማኅበራት መሪዎች ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ተግባራት

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት፣ ጎብኚ በሚያልፍባቸው ወይም ወደፊት ሊያልፍባቸው በሚችል ቀበሌዎች ያሉ መሪዎች የሚከተሉትን በጠቅላላ ጉባኤ አቅርበው በውስጠ ደንባቸው ቢያካትቱ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ የበቅሎና የነጂ ተራ ተለያይቶ ይመዝገብ፤ መዝገቡም ማንም በሚያየው ሥፍራ ይለጠፍ። መኸር ላይ ያለ አባል ተራው አይሰረዝበት። ለጥበቃ ሲባል መሬቱን የለቀቀ ቤተሰብም በመዝገቡ ይቆይ።

ሁለተኛ፣ የቀን ዋጋ የመመለሻውን ቀን ጨምሮ ከመነሣት በፊት በጽሑፍ ይያዝ። ክፍያው በመካከለኛ ሰው ሳያልፍ ለነጂው በእጁ ወይም በማኅበሩ ሒሳብ በደረሰኝ ይግባ። እንግዶች ጉርሻ ሲሰጡ ሁሉም ሠራተኞች በተሰበሰቡበት በግልጽ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የበቅሎና የሰው ጭነት ወሰን በጉባኤ ይወሰን። በመነሻው ሥፍራ ሚዛን ይኑር። በየማረፊያውም ጭነቱ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጥ አንድ ተጠሪ ከነጂዎቹ መካከል ይሰየም።

አራተኛ፣ ማንም ነጂ ወይም ተሸካሚ ብርድ የሚከላከል ልብስ፣ የሚያድርበት ድንኳን ወይም ቤት፣ በቀን የሚበቃ ምግብ ሳይኖረው አይነሣ። ራሱን የሚያዞረው፣ የሚያስመልሰው ወይም መተንፈስ የሚያቅተው ሰው ሳይዘገይ ወደ ዝቅተኛ ሥፍራ ይውረድ፤ አብሮት የሚወርድ ሰውም ይመደብ። ለከፍታ በሽታ ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። የደጋ ሰው ቢለምደውም ከቆላ ወይም ከከተማ የመጣ አብሳይ ሊታመም ይችላል።

አምስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ የተወሰነ ድርሻ ለሁለት ሣጥን ይከፈል። አንደኛው ለተጎዳ ሰውና ለሞተች በቅሎ መጠባበቂያ፣ ሁለተኛው ለመንደሩ የጋራ ሥራ፣ ለምንጭ ማጎልበት፣ ለድልድይ ወይም ለትምህርት ቤት ጥገና ይዋል። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ተቆጣጣሪው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ሒሳቡም በየሩብ ዓመቱ በጉባኤ ይነበብ።

ስድስተኛ፣ መኖ፣ ማገዶ፣ ቆሻሻና መጸዳጃን የሚመለከተው ደንብ ለእንግዳውም ከመነሣቱ በፊት ይገለጽለት። ይህን በደንብ ለሚቀበል ጎብኚ ማኅበሩ መልካም ስም ያተርፋል፤ በደንብ የሚሠራ ሥፍራ መሆኑ ሲሰማም ሌላው ጎብኚ ይከተላል።

ከነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። አንድ መዝገብ፣ አንድ ሚዛን፣ የደረሰኝ ጥራዝና የተቆለፈ ሣጥን ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። የሚከብደው አባላት በተስማሙበት ዋጋና ጭነት ላይ ጸንተው መቆማቸው ነው። በፔሩ ሕጉን ያስከበሩት፣ በመንዝም ሣሩን ያዳኑት በአንድ ቃል የጸኑ ገበሬዎች ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል ለበቅሎ ነጂዎች ማኅበርም ይሠራል። በየተራራው ያሉ መሪዎች እንግዳ በብዛት የሚመጣበትን ሰላማዊ ወቅት ሳይጠብቁ ደንባቸውን ከአሁኑ ቢያዘጋጁ፣ የመጀመሪያው ድንኳን በተጫነ ዕለት ዋጋውን የሚቆርጠው ማኅበሩ ይሆናል።